ጊታርን ያለ ሶልደር ማገናኘት፦ ይሆናል፣ ፖቱን ካልነካህ

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ሰላም፣ ሐዋሳ ነኝ። ስትራት ቅርጽ ያለው የቻይና ጊታር አለኝ። የብሪጁ ፒክአፕ ድምፅ አቁሟል። ጓደኛዬ አዲስ ሀምባከር ሰጠኝ፤ መጠኑ ከሲንግል ኮይሉ ቦታ ጋር ልክ ነው። አራት ባለቀለም ሽቦና ፕላስቲክ ያልለበሰ አንድ ሽቦ አለው። ሶልደር የለኝም፣ አድርጌም አላውቅም። የቤት ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ጎረቤቴ ጠምዝዘህ ናስትሮ ጠቅልልበት፣ አለቀ ይለኛል። እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ነው የምጫወተው፣ መዝሙር መሃል እንዲቋረጥብኝ አልፈልግም። ያለ ሶልደር ይሆናል ወይ?»

ይሆናል ወንድሜ። ግን ጎረቤትህ ባለህ መንገድ አይደለም። ለአዲስ አንባቢ፦ ሶልደር ቀልጦ ሽቦ የሚያጣብቀው ብረት ነው፤ ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፤ ሲንግል ኮይል አንድ ጥቅልል ሽቦ ያለው ፒክአፕ፣ ሀምባከር ሁለት ያለው፤ ብሪጅ ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት፤ ፖት ደግሞ ቮልዩሙንና ቶኑን ስታዞር ከሥሩ ያለው ክፍል።

ጎረቤትህ አልዋሸህም። በእሱ ሥራ ጠምዝዞ መጠቅለል አምፖል ለዓመታት ያበራል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ግን 220 ቮልት ነው። መዳቡ ሲቆይ ቡናማ ሽፋን ቢያወጣ እንኳ ያ ጉልበት ሰብሮት ያልፋል። ከፒክአፕህ የሚወጣው የቮልት ቁራሽ ነው። 0.2 ቮልት ነው እንበልና 250 ኪሎ ኦም የሆነው ቮልዩምህ ላይ ሲያርፍ የሚፈሰው ከአንድ ሚሊዮንኛ አምፔር በታች ነው። ይቺ ነገር ምንም አትሰብርም። ሽቦው ትንሽ ከላላ ወይ ከቆሸሸ ድምፁ ይጠፋል፣ ጊታሩን ስታነቃንቀው ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። አምፑ ደግሞ ያንን ሁሉ ቀጭ ቀጭ አጉልቶ ለምዕመኑ ያሰማልሃል።

ናስትሮውም ሌላ ጣጣ ነው። ሙጫው በሙቀት ይቀልጣል፣ ይንሸራተታል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ስትከፍተው እጅህ ላይ የሚለጠፍ ጥቁር ነገር ታገኛለህ፤ ሽቦው ደግሞ ከውስጡ ወጥቶ ሌላ ነገር ነክቶ ተቀምጧል።

ደስ የሚለው ጎኑ ግን አለ። የጊታር ሰርኪዩት ጥቂት ኦም ቢጨመርበት አይሰማውም። ማለትም ግንኙነቱ እንደ ሶልደር ፍጹም መሆን የለበትም። የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አለመነቃነቅ። ተጨብጦ የሚቆይ ከሆነ በብሎን የጠበቀም ይሁን በስፕሪንግ የተያዘ፣ በድምፅ ከሶልደር አትለየውም። ለይቻለሁ የሚልህ ካለ ዓይኑን ጨፍነህ ፈትነው።

ሽቦ ከመቁረጥህ በፊት ግን ፒክአፑ በእርግጥ መሞቱን እወቅ። ብዙ ጊዜ «ፒክአፔ ሞተ» ተብሎ የሚመጣ ጊታር የተነቀለ ሽቦ ብቻ ነው ያለበት። መልቲሜትር ተዋስ፤ ያ ጎረቤትህ መቼም አያጣውም። ኬብልህን ጊታሩ ላይ ሰካ፣ በሌላኛው ጫፍ የፕለጉን አፍንጫና አካሉን በመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች ንካ። ኦም ላይ አድርገው። ቮልዩሙን እስከ 10 ክፈት። ፒክአፕ የሚመርጠውን ስዊች ወደ አንገት በኩል ስታደርገው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ካነበብክ ያኛው ፒክአፕ ደህና ነው። አሁን ወደ ብሪጁ አዙር። 250 ኪሎ ኦም አካባቢ ካሳየህ የምታነበው ቮልዩሙን ብቻ ነው፣ ፒክአፑ የለም ማለት ነው፤ ወይ ጥቅልሉ ተበጥሷል ወይ ሽቦው ተነቅሏል። ወደ ዜሮ ከወረደ አንድ ቦታ የሲግናሉ ሽቦ፣ ማለትም ድምፁን የሚያወጣው፣ ግራውንዱን፣ ማለትም መመለሻውን ሽቦ ነክቷል። በሁሉም አቅጣጫ ምንም የማያነብ ከሆነ ችግሩ ጃኩ (ኬብሉ የሚሰካበት) ወይም ኬብሉ ነው፣ ፒክአፑን ተወው። ለያይተህ ማረጋገጥ ከፈለግህ ስዊቹን ወደ አንገት መልሰህ፣ ሽፋኑን ከፍተህ የፒክአፑ ሽቦዎች ሥሩ ላይ የተያዙበትን ሁለት ነጥብ በቀጥታ ለካ። እዚያም ምንም ካላነበበ፣ አዎ፣ ሞቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰዎች ያለ ሶልደር ሲሉ ወዲያው የሚያስቡት የድሮውን ሶልደር አስለቅቀው አዲሱን ሽቦ ፖቱ እግር ላይ ወይም ስዊቹ ጆሮ ላይ በሆነ ዘዴ ማሰር ነው። እዚያ ነው የሚበላሸው። የፖቱ እግርና የስዊቹ ጆሮ ለሶልደር የተሠሩ ናቸው፤ በሌላ ነገር ሽቦ ጨብጠው አይዙም። ግን ተመልከት፣ እዚያ ላይ ፋብሪካው ያደረገው ሶልደር አለ! የድሮው ፒክአፕ ሽቦ ስዊቹ ላይ ተይዟል፣ ግራውንዱ ደግሞ ቮልዩሙ ጀርባ ላይ። ለምን ታስለቅቀዋለህ? ሽቦውን መሃል ላይ ቁረጠው። ከስዊቹና ከፖቱ በኩል ረዘም ያለ ጅራት ተወው፣ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር። አዲሱን ፒክአፕ ከዚያ ጅራት ጋር ታገናኛለህ። ሽቦ ከሽቦ ጋር ነው፤ ያንን ያለ ሶልደር መሥራት ቀላል ነው። የድሮው ፒክአፕ ላይም ትንሽ ሽቦ አስቀርለት፣ አንድ ቀን ጥቅልሉን እንደገና የሚጠቀልልልህ ሰው ታገኝ ይሆናል።

አከፋፈቱ ላይ አላቆይህም። ክሮቹን አላላ ወይም አውጣ፣ የፊቱን ፕላስቲክ የያዙትን ብሎኖች ፍታ፤ በተለመደው ስትራት 11 ናቸው፣ በአንድ ሰሃን አስቀምጣቸው። ሳትስብ ቀስ ብለህ ገልብጠው፣ ከሥሩ ወደ ጃኩና ወደ ጀርባው የሚሄዱ ሽቦዎች አሉ። ምንም ከመንካትህ በፊት በስልክህ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሳ። ኬብሉ ከአምፑ ተነቅሎ ይሁን እንጂ ውስጡ የሚነዝር ነገር የለም፣ ባትሪም የለውም፣ አትፍራው።

በምን ታገናኘዋለህ? እኔ የምመርጠው ዋጎ የሚባለውን ነው፣ ብርቱካናማ ማንሻ ያለው ብርሃን አሳላፊ ማገናኛ። ማንሻውን ታነሳለህ፣ ሽቦውን ታስገባለህ፣ ትጫነዋለህ። 221 የሚለው ዓይነት እስከ 0.14 ሚሊ ሜትር ካሬ የቀጠነ ባለብዙ ክር ሽቦ ይይዛል፣ የጊታር የውስጥ ሽቦ በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.35 ነው፣ ስለዚህ ይገባል። 11 ሚሊ ሜትር ላጠው፤ የሀምባከሩ ሽቦዎች ከዚያ የቀጠኑ ከሆነ ግን ሁለት እጥፍ ልጠህ፣ አጥፈህ አስገባቸው። የላጥከውን ክር ጠምዘዝ አድርገው፣ አንድም ክር ውጭ እንዳይቀር። ከዚያ ሳብ አድርገህ ፈትነው፤ ከወጣ አልተያዘም። አስመስለው የተሠሩ አሉ፣ ማንሻቸው ልል ነው፤ ሱቁ ውስጥ እያለህ ቀጭን ሽቦ አስገብተህ ሳብ።

ዋጎ ካጣህ በብሎን የሚጠብቀው ነጭ የፕላስቲክ ተርሚናል የትም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለ። ትንሹን ቁጥር ግዛ፣ የምትፈልገውን ያህል በቢላ ቆርጠህ ተጠቀም። ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ቀጭኑን ሽቦ እጥፍ አድርገህ አስገባው፣ አለዚያ ብሎኑ ክሮቹን ይበጥሳል። ሁለተኛ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፦ የፒክአፕ ሽቦ ጫፍ ከፋብሪካው ሶልደር ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ያንን ጫፍ ቆርጠህ ጣለውና ንጹሑን መዳብ ላጥ። ሶልደር ለስላሳ ነው፣ በብሎን ሥር ተጨቁኖ እየሸሸ ይሄዳል፤ ዛሬ አጥብቀኸው ከወራት በኋላ ላልቶ ታገኘዋለህ።

በፒንሳ የሚጨመቁት ቀያይ ማገናኛዎችም አሉ። መጥፎ አይደሉም፣ ግን ቀዩ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ጀምሮ ላለ ሽቦ ነው የተሠራው። የአንተ ይቀጥናል። ሽቦውን አጥፈህ ማወፈር አለብህ፣ መጨመቂያውም የራሱ ፒንሳ ይፈልጋል፤ በተራ ፒንሳ ደፍጥጠህ ተያዘ ብለህ እንዳትሸወድ። ጥቅማቸው ቦታ አለመፈጀታቸው ነው። አንዳንድ የቻይና ጊታር ውስጡ ጥልቀት የለውም፣ ዋጎው ከገባ ሽፋኑ አልገጥም ይላል፣ ያኔ እነዚህን ታስባለህ።

አሁን አምስቱ ሽቦዎች። ሀምባከር ማለት ሁለት ጥቅልል ነው። አራቱ ባለቀለም ሽቦዎች የሁለቱ ጥቅልሎች መጀመሪያና መጨረሻ ናቸው። ያልለበሰው የሽፋኑ ግራውንድ ነው። የቀለሙ ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል፣ ችግሩ እሱ ነው። ሲሞር ደንከን ከሆነ ጥቁሩ ሲግናል ነው፣ ነጭና ቀዩ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ አረንጓዴውና ያልለበሰው ግራውንድ ይሄዳሉ። ዲማርዚዮ ከሆነ ደግሞ ቀዩ ሲግናል፣ ጥቁርና ነጩ እርስ በርስ፣ አረንጓዴውና ያልለበሰው ግራውንድ። ስም የሌለው ከሆነ ቀለሙን አትመን፣ ለካው። ሁለት ሁለቱን እየያዝክ ኦም ላይ ንካ። የሚያነቡልህ ሁለት ጥንዶች ታገኛለህ፣ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጥቅልል ነው። ከአንዱ ጥንድ አንድ ሽቦ፣ ከሌላው ጥንድ አንድ ሽቦ ወስደህ እርስ በርስ አገናኛቸው። የቀሩት ሁለቱ አንዱ ሲግናል፣ አንዱ ግራውንድ።

ስለዚህ የሚያስፈልግህ ሁለት ባለሁለት ቀዳዳና አንድ ባለሦስት ቀዳዳ ማገናኛ ነው። ባለሁለቱ አንዱ የሁለቱን ጥቅልሎች መጋጠሚያ ይይዛል። ሌላው የሲግናሉን ሽቦ ከስዊቹ ጅራት ጋር። ባለሦስቱ ደግሞ የግራውንዱን፣ ያልለበሰውንና የፖቱን ጅራት። በቃ።

ሶልደር ከሚያደርገው ሰው አንተ የምትሻለው እዚህ ላይ ነው። ስም የሌለው ፒክአፕ ላይ ጥንዶቹን ስታገናኝ በትክክል የመግጠሙ ዕድል ግማሽ ለግማሽ ነው። ሁለቱ ጥቅልሎች ተቃርነው ከተገናኙ ድምፁ ቀጭንና ደካማ ይሆናል፣ ባስ የሚባል አይኖረውም፣ እምምም የሚለውም ይብሳል። ያኔ የአንዱን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ታለዋውጣለህ፤ ማንሻ ማንሳት ነው። ከዚያ ስዊቹን ብሪጁና መሃለኛው አብረው ወደሚሠሩበት አድርግ። እዚያ ብቻ ከቀጠነ ደግሞ ሀምባከሩ ከመሃለኛው ጋር ተቃርኗል፣ የሲግናሉንና የግራውንዱን ሽቦ አለዋውጥ። ያልለበሰው ግን ምንጊዜም ግራውንድ ላይ ይቆያል። ይሄን ሁሉ ክር ሳታስር ለመፈተን አምፑን በትንሽ ድምፅ ክፈትና ፒክአፑን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለህ ንካ፣ ኳ ካለ ሕይወት አለው። ቅጥነቱን ለመስማት ግን ቢያንስ ሁለት ክር ያስፈልግሃል።

ፖቱ 250 ኪሎ ኦም ሆኖ ይቅር። ለሀምባከር 500 ነው የሚመረጠው ይሉሃል፣ እውነት ነው፣ በ250 ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል። ለብሪጅ ፒክአፕ ግን ያ ድብዝዝታ ብዙ ጊዜ ጆሮን ማሳረፍ ነው። ለሱ ብለህ ፖት አትቀይር።

ግራውንዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያለ ሶልደር የሚሠሩ ሰዎች የሚዝረከረኩት እዚህ ነው። ከፖቱ ጀርባ ተነስቶ በእንጨቱ ቀዳዳ ወደ ጊታሩ ጀርባ የሚሄድ ሽቦ አለ፣ ስፕሪንጎቹን የያዘውን ብረት ይነካል። በእሱ በኩል ክሮቹ ግራውንድ ይሆናሉ። ይሄ ከተነቀለ ጊታሩ ይጫወታል፣ ግን እምምም አይለቀውም፣ ክሩን ብትነካም አይቀንስም። ሶልደሩ ለቆ ካገኘኸው እንደገና መበየድ የለብህም። ያ ብረት በሁለት ረጃጅም ብሎኖች ነው እንጨቱ ላይ የተያዘው። ሽቦውን ቀለበት ባለው ጫፍ ጨምቀህ በአንዱ ብሎን ራስ ሥር፣ ብረቱን ነክቶ እንዲያድር አጥብቀው። ብረቱ ቀለም ከተቀባ ያንን ቦታ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገው። የፖቱ ጀርባ ግራውንድም ከለቀቀ እንደዚሁ፦ የፖቱ አንገትና ጀርባው በኤሌክትሪክ አንድ ናቸው፣ ስለዚህ ፖቱን የያዘውን ዳዶ ፈትተህ ቀለበቱን ከፊቱ ፕላስቲክ ሥር በፖቱ አንገት ላይ አስገባና መልሰህ አጥብቀው። የፖቱ አንገት በቻይናው በብዛት ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ በአሜሪካኑ 9.5 ነው፣ ቀለበቱን በዚያ ምረጥ።

ሲጨርሱ እምታውን መስማት ብዙ ይነግራል። ክሩን ስትነካ ከቀነሰ ጤናማ ነው። ክሩን ስትነካ ከጨመረ ጃኩ ላይ ሲግናልና ግራውንድ ተገላብጠዋል። ክሩ ምንም ሳይለውጥ የጃኩን ብረት ስትነካ ከቀነሰ ያ የጀርባው ሽቦ ነው።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር፣ ክሮቹ በዚህ ሽቦ በኩል ከአምፑ ብረት ጋር የተገናኙ ናቸው። አምፑ የተሰካበት ሶኬት የኧርዝ ምላስ ቢኖረውም ከኋላው ሽቦ ላይኖረው ይችላል፣ እንደዚህ ያለ አዳራሽ ሞልቷል። ጊታር ይዘህ ማይኩን በከንፈርህ ስትነካ ቆንጠጥ ካደረገህ ጊታሩ አይደለም ችግሩ። ያንን ሽቦ ቆርጬ ልገላገል እንዳትል። አምፑንና ሚክሰሩን ኧርዝ ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ስካቸው፣ ጎረቤትህን ደግሞ ሶኬቱን እንዲያይልህ ለምነው። ይሄ የእሱ ሥራ ነው፣ እዚህ ላይ የሚለውን ስማው።

ጃኩ ላይም ሕጉ ያው ነው። ሽቦው ጃኩ ላይ ተይዞ ካለ አትንካው። በመሃል ተበጥሶ ከሆነ በማገናኛ ቀጥለው። ነገር ግን ሲግናልና ግራውንድ የሚሄዱበት ያ ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ማገናኛውን ከፖቶቹ በኩል አድርገው እንጂ ጃኩ ሥር አትወትፈው። ኬብል በገባና በወጣ ቁጥር የሚንቀሳቀሰው ቦታ እሱ ነው። ማታ ማታ ሐይቅ ዳር ሆቴሎች የሚጫወቱ ልጆች ጊታር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ጃኩን ነው፤ ላብ ይገባዋል፣ የሚይዘው ምላስ ይላላል። ምላሱን በጣት ትንሽ ወደ ውስጥ ማጠፍና ማጽዳት ብቻ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌላም ልለይልህ። ቀጭ ቀጩ የሚመጣው ቮልዩሙን ስታዞር ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ትዝታ ስትጫወት ድምፁን በትንሽ ጣትህ ቀስ እያልክ ስታሳድግ፣ ያ የማገናኛ ችግር አይደለም። ፖቱ ውስጥ አቧራ አለ። የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ በእግሮቹ አጠገብ ባለው ክፍተት ነፋ አድርገህ ደጋግመህ አዙረው። ጊታሩን ስታነቃንቅ የሚመጣው ግን ግንኙነት ነው፣ ወደ ማገናኛዎቹ ተመለስ።

ሽፋኑን ከመግጠምህ በፊት ማገናኛዎቹን በስስ ስፖንጅ ጠቅልላቸው፣ እንጨቱን እየመቱ እንዳይንኳኩ። ፒክአፑ ሥር አታስገባቸው፣ ከፍታውን ማስተካከል ያቅትሃል። የተረፈ ሽቦ አትቁረጥ፣ ጠቅልለህ አስቀምጠው።

ሙጫ፣ የብር ቀለም፣ የሲጋራ ወረቀት ፎይል የሚሉህን እርሳቸው። ሶልደር በውስጣቸው ያለ፣ በላይተር ሲሞቁ የሚቀልጡ ቱቦዎችም አሉ። በሙቅ አየር ጥሩ ናቸው፣ በላይተር ግን ቀጭኑን የፒክአፕ ሽቦ ልባስ ነው መጀመሪያ የሚያቀልጡት።

ያለ ሶልደር ጊታር መሥራት የድሃ ብልሃት እንዳይመስልህ። ኢኤምጂ የሚባለው የፒክአፕ አምራች ባትሪ የሚጠቀሙ ፒክአፖቹን ከነፖታቸው በሚሰካ ማገናኛ ነው የሚሸጠው፣ መበየድ የለም። ግን እነሱ 9 ቮልት ባትሪ ያላቸው ናቸው፣ ፖታቸውም 25 ኪሎ ኦም ነው። ርካሽ አገኘሁ ብለህ ያንን ፖት ለአንተ ፒክአፕ ብትገዛ ድምፁ ታፍኖ ይቀራል።

በዚህ ዘዴ የማይሠራው ነገር ስዊቹ ወይም ፖቱ ራሱ ሲሞት ነው። ባለ አምስት አቅጣጫው ስዊች ላይ ጆሮዎቹ ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ ምንም ማገናኛ አይቀመጥባቸውም። እንደዚያ ከሆነ ፎቶህን ይዘህ ወደ ሬዲዮ ወይም ስልክ ጠጋኝ ሂድ። ጊታር ባያውቅም ችግር የለውም፣ «ይሄን አውጥተህ ይሄን በዚያው ቦታ» በለው፣ አዲሱ ስዊች ላይም 8 ሳንቲ ሜትር ጅራት አስበይድበት። ቀሪውን ቤትህ ተቀምጠህ በማንሻ ትጨርሰዋለህ።